የጎኔ እብጠት

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8
ዛሬም ሙቀት። ኮት አይለበስም። ኮት ከሌለ ደግሞ ሽጉጡ በሸሚዜ ላይ ያፈጣል። ገበያ ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ ወተት ላወርድ ስንጠራራ ዳርላ ሸሚዜን ጎትታ ሸፈነችኝ።
«ፈቃድ አለኝ እኮ።»
«ፈቃድ አለህ፣ ሀፍረት የለህም። አንድ ሰው ብቻ ይወቅብህ! ካዝና ውስጥ ትቆልፍበታለህ። ለዘላለም።»
ሚስቴ ለዘላለም ካለች... ለዘላለም ነው። እኔ ደግሞ ያለ ሽጉጥ መውጣት ሱሪ ሳልለብስ የመውጣት ያህል ነው።

እሑድ፣ ጁላይ 13
እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳይታቀፉ መግባት የለም። ክርኔን ጎኔ ላይ ለጥፌ ገባሁ። እህት ኦፓል ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ክርን አያቆማትም። አቀፈችኝ። እጇ ሽጉጡ ላይ አረፈ። ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።
«አይዞህ ልጄ» አለችኝ።
ምን ሆና ነው?

ረቡዕ፣ ጁላይ 16
የዌይሎን ሽጉጥ መሸጫ ሄድኩ። ገና ከበሩ፣ «ታትሞብሃል!» አለኝ። ቅርጹ ልብስህ ላይ ወጥቷል ማለቱ ነው። አላጣሁትም።
አንዲት ሚጢጢ አወጣልኝ። መዳፌ ዋጣት። ትንሿ ጣቴ የምትይዘው አጥታ አየር ላይ ቀረች።
«ይቺ ሲጋራ መለኮሻ አይደለችም?»
«ተኩስና ንገረኝ።»
ከሱቁ ጀርባ ተኮስኩ። እንደ በቅሎ ረገጠችኝ። ዒላማው ደህና ነው፣ ምንም አልሆነ። ደጋግሜ ስተኩስ ግን እኔና እሷ ተስማማን።
ከነአፎቷ ኪሴ ከትቼ መስታወት ፊት ዞርኩ። የለችም! ገዛኋት።

እሑድ፣ ጁላይ 20
እጆቼን ዘርግቼ ገባሁ። እህት ኦፓል አቀፈችኝ። ጎኔን ዳሰሰች። ደገመች። ከዚያ ጮኸች።
«ጠፍቷል! እብጠቱ ጠፍቷል!»
ለካ ሴቶቹ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ጎኔ ሲጸልዩ ሰንብተዋል። እህት ኦፓልማ የምትወደውን ጣፋጭ፣ የፔካን ፓይ፣ ስለ እኔ ብላ መብላት ትታለች። ፓስተር ኬንድሪክ እንባውን እየጠረገ ማይክሮፎን አቀበለኝ።
«ወንድም ሮይስ፣ መስክር!»
ዳርላን አየኋት። ጣራውን ታያለች።
ተፈወስኩ ልበል? በእግዜር ቤት?...
«እብጠት አልነበረም» አልኩ። «ሽጉጥ ነበር። አሁን... በትንሽ ቀየርኩት።»
«ፓዬን የተውኩት ለሽጉጥህ ነው?» አለች እህት ኦፓል።
ከኋላ አንዱ፣ «ስንት ጥይት ትጎርሳለች?» ብሎ ጠየቀ።

ሰኞ፣ ጁላይ 21
ነዳጅ ስቀዳ አንድ የማላውቀው ሰው ከመኪናው አንገቱን አወጣ። «የተፈወስከው አንተ ነህ?»
እህት ኦፓል ፓይ ላከች። ክዳኑ ላይ «ለዳርላ ብቻ» ይላል።
ትንሿ በእውነት ጭራሽ አትታይም። ካዝና ውስጥ ናት።