በጆሮ የሚገባና በእግር የሚገባ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ካይሮ ለሚማረው ወንድም ዓለሜ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የካይሮ ሙቀትስ በረደልህ? እኛ ጋ ጮቄ ጉሙን ለቆብን ሰንብቷል። ከሱቃችን ደጃፍ ቆሜ ገበያውን ሳየው ሰውም በቅሎም እግር የሌላቸው ይመስሉኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከመስጊዱ ዓምድ ሥር ተቀምጦ ሸኹን መስማት ሰልችቶኛል ብለሃል። ግብፃውያን ባልንጀሮችህ ተማሪ ገበያ ወርዶ ንግድ ቢማር ነውር ነው ይላሉ፤ ከጃዋ ደሴት የመጣው ጓደኛህ ግን የመምህሩን ሩዝ እያረሰ ነው ኪታብ የተማረው። አንተም ትምህርቱን ትቼ ልምጣ፣ ከአባታችን ጋር መንገድ ወጥቼ ንግድን በእግሬ ልማር ብለሃል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሰኞውን ላጫውትህ፤ ውሎዬን እንደምጽፍ ታውቃለህ፣ ከዚያው ነው የምቀዳልህ።

በረዶ ሲጥል ሁለት ሰዎች ሱቃችን ተጠለሉ። አንዱ እንዳላማው የሚባል የዲማ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር አባታችን ቆሎ ይዘግንለት ነበር። ሌላው ጣሊያን ነው። በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈርና ስለ እህል ሲማር ወታደር አድርገው ያመጡት ነው፤ አማርኛውን እየሰባበረ ይናገራል። ለሁለቱም ቆሎ አቀረብኩ።

ጣሊያኑ መምህራቸው በዓመት አንድ ቀን እርሻ ያወጣቸው እንደ ነበር፣ እነሱም እንደ ሽርሽር ይቆጥሩት እንደ ነበር አጫወተን። እንዳላማው በበኩሉ፣ ቅኔው ከመምህሩ አፍ በጆሮ ይገባል፣ ትዕግሥቱን የሚያስተምረን ግን ቁራሽ ስንለምን የሚነክሰን ውሻ ነው ብሎ ባቱን ገልጦ አሳየው። ጣሊያኑ፣ የናንተ መምህር ጥርሱ ስለታም ነው ብሎ ሳቀ። እንዳላማው መቼም ዝም አይል፤ አንተ ስንዴን ታውቀዋለህ እንበል፣ ስንዴውስ ያውቅሃል ወይ? አለው። ጣሊያኑ አልተቆጣም። ከጫማው ጭቃ ቆንጥሮ ሲያየው ቆየና፣ ይህ አፈር በጎርፍ ወርዶ ግብፅን እንደሚያበላ በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፣ ተሸክሜው ስሄድ ግን ገና አሁን ገባኝ አለ።

ቀጥሎ ሚዛን መያዝ ከማን ተማርሽ አለኝ። ከአባቴ አልኩት። የት ነው ቢለኝ፣ ዓባይን ሊሻገር ወርዷል አልኩት። እንዳላማው ማላመጡን አቆመ። በእጁ የቀረውን ቆሎ መልሶ አኖረና አማተበ።

ወንድም ዓለም፣ በእግር የሚገባ ትምህርት እንዳለ አልክድም። ከሰኔ ወዲህ አምበርንና ሮብ ገበያን የምዞር እኔ ነኝ፤ የምቀመጠውም በአባታችን በቅሎ ላይ ነው፣ ከዓባይ ዳር መንገዱን አውቃ ብቻዋን በተመለሰችው። ብዙ ተማርኩ። አንዳንዱን ባልተማርኩት።

አንተ እዚያው ጨርስ። አባታችን ኮርቻ ላይ ሆኖ፣ ልጄ ኪታቡን ሳይፈጽም እንዳይመጣ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ቃሉን አልለወጠም። ደብዳቤ በስንት እጅ ተከፍቶ እንደሚደርስ ታውቃለህ፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በህልሜ ግን አየዋለሁ። ውሃው ላይ ይሄዳል፣ ልብሱ አይርስም፤ ፊቱ ወደ አንተ ነው።

የዘንድሮው የዓባይ ሙላት ካይሮ ሲደርስ፣ ከጁምዓ ስግደት በኋላ ወደ ዳሩ ውረድና እጅህን ንከር። ብቻህን አትሂድ። የጃዋውን ጓደኛህን ይዘህ ውረድ።

አላህ ዕውቀትህን ይባርክልህ፤ የደከመውንም ያሳርፍልን።

ሚዛኑን የያዘችው እህትህ