እስቲ ይጣራ እና የጋሽ ከድር ዘይት

ሰኞ

ተከፈተ። ድረ ገጻችን በቃ ተከፈተ፤ ስሙ «እስቲ ይጣራ» ነው። ሐያት የመጨረሻዋን ቁልፍ ስትጫን ሁላችንም ከኋላዋ ተደረደርን፤ ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ሲመለስ ገጹ ስልኬ ላይ ወጣ። ከርዕሱ ሥር «በአቃቂ ቃሊቲ የሚወራውን አብረን እናጣራ» ይላል። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ማን ይከለክለኛል?

ቢሯችን በሰቃ ሰፈር ያለው የእድሩ ዕቃ ቤት ነው። በአንድ በኩል ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ በሌላው የተደራረቡ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥጉ ላይ የተጠቀለለው ድንኳን። ክፍሉንም ያገኘነው በዚሁ ድንኳን ሰበብ ነው። ባለፈው ክረምት ጋሽ ታደሰ፣ የምድር ባቡሩ ጡረተኛ፣ አረፉ ተብሎ ፎቷቸው ከሻማ ጋር በቴሌግራም ዞረ። እድሩም አላመነታም፣ ድንኳኑን ተከለ። እሳቸው ለካ ደብረ ዘይት እህታቸው ጋ ሰንብተው ኖሯል፤ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው የራሳቸው ለቅሶ ላይ ደረሱ። ሰው ሲጮህ እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና ንፍሮ በሉ።

ሐያት ይህን ነገር ያሰበችው ያን ቀን ነው። እሷ ኮምፒውተር የተማረች፣ እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ዮናስ የጋራዥ መካኒክ፣ ሌሎቹም እንደዚሁ፤ ማናችንም አይከፈለንም። ጋሽ ታደሰ ክፍሉን ከማስፈቀዳቸውም በላይ ዋና አጣሪያችን ሆነዋል።

ማክሰኞ

ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተከምሮብኛል፣ እኔ ግን ጥቆማ ስከፍት ዋልኩ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ጅብ ገባ የተባለው፦ ቪዲዮው የሌላ አገር ነው። ሐሰት።
የሳሪስ አቦ ታክሲ መጫኛውን ቀየረ የተባለው፦ እውነት። እኔው ራሴ በዚሁ ሰበብ ክፍለ ጊዜ አርፍጃለሁ።
ሽንኩርት ካልሲ ውስጥ ከቶ ማደር የደም ግፊት ያወርዳል፦ ሐኪም ይጠየቅ። (እናቴ ሞክራዋለች። ካልሲው ተጣለ።)

አሠራራችን ቀላል ነው። ማንም ጥቆማ ይልካል፣ ማንም ማስረጃ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሳያጣሩት «እውነት» ወይም «ሐሰት» አይባልም። ማን ምን እንደጨመረ ገጹ ላይ ለሁሉም ይታያል። ጉዳዩ ዘመዱን የሚነካ ሰው ደግሞ ከማጣራቱ እጁን ያነሳል። ይቺን የመጨረሻዋን ሕግ ያወጣችው ሐያት ናት፤ ያኔ እኔ ማካበድ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ

ደስታችን ደፈረሰ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ መልእክት ይዞራል፤ «በሰቃ ከከድር ሱቅ ዘይት የገዛ ቤተሰብ ተመርዞ ሐኪም ቤት ገባ፣ ተጠንቀቁ።» የቢጫ ጀሪካን ፎቶም አለው። ጋሽ ከድር የሐያት አባት ናቸው።

ከሰዓት በሱቁ በር ሳልፍ አንድ ሰው አልነበረም። በዚያ ሰዓት ወትሮ ተጋፍተን ነው የምንገዛው። ጋሽ ከድር የተደረደረውን ሳሙና እያነሱ መልሰው ይደረድራሉ። ሰላም ብያቸው አለፍኩ።

ሐያት መልእክቱን አንብባ ኮምፒውተሯን ዘጋች። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አልነካውም» ብላ ተነሳች። እኔ ደሜ ፈላ። ከልጅነቴ የማውቃቸው ሰው ናቸው፤ ወዲያው በቀይ «ሐሰት» ብዬ ልለጥፍ ስል ጋሽ ታደሰ ከለከሉኝ።

«ስለምትወጃቸው ሐሰት አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ። «ለኔም ድንኳን የተከሉልኝ የሚወዱኝ ሰዎች ናቸው።»

ተናድጄ ወጣሁ። ትክክል መሆናቸው ነው ያናደደኝ።

ሐሙስ

ዮናስ የፎቶውን ምንጭ አገኘው፤ ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ አገር የተነሳ ነው። ፎቶው ውሸት ሆነ ማለት ግን ወሬው ውሸት ነው ማለት አይደለም። የታመመ ሰው አለ ወይ?

አለ። ከጋሽ ታደሰ ጋር ስንጠያይቅ ቤቱን አገኘነው። እዚሁ ሰፈር ተከራይተው ከመጡ ብዙም አልቆዩም፤ የሴትየዋን ስም እዚህም አልጽፍም። ሻይ አቀረበችልን፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን፣ እሷ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች። በመጨረሻ አወጣችው። የታመሙት ከአንድ የክርስትና ድግስ ማግስት ነው፤ የደገሱት ደግሞ አከራዮቿ ናቸው። ጎረቤት ምን ነካችሁ ብሎ ሲጠይቃት ጨነቃት።

«የሰው ድግስ በልቼ አመመኝ እንዴት እላለሁ?» አለችን። «ዘይቱ ይሆናል አልኩ፣ ነገሩ እንዲያልፍ ብዬ።»

ነገሩ ግን አላለፈም። ሰፈሩ ዘይት የሚገዛው ከጋሽ ከድር ነው፤ ስማቸውን የጨመረው ሰሚው ነው። እሷማ ከሳቸው ሱቅ ዘይት ገዝታ አታውቅም፣ ወንድሟ ነው የሚያመጣላት። ስማቸው መነሳቱን ከሰማች ጀምሮ በዚያ በኩል ማለፍ ትታለች። ይሉኝታ እንዲህ ሱቅ ያዘጋል። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔስ ብሆን ምን እል ነበር?

ማታ ወደ ቤት ከሐያት ጋር ሄድን። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ስለ ፈተና ወረቀቶቼ ጠየቀችኝ።

ዓርብ

ዮናስ ባልየውን ለብቻው አነጋገረው፣ ሴትየዋ ያለችንን ሳይነግረው። ቃላቸው አንድ ሆነ። ያጨቃጨቀን አጻጻፉ ነው። እኔ ድግሱ ይጻፍ አልኩ። ጋሽ ታደሰ፣ ምግቡ መሆኑን በምን አወቅሽ አሉኝ። ሌላ የከድር ሱቅ ልንፈጥር ነው ወይ አሉኝ። ድግሱን ተውኩት።

ስለዚህ የምናውቀውን ብቻ ጻፍን። ፎቶው አሮጌና የሌላ አገር ነው። የታመሙት ሰዎች ከዚያ ሱቅ ዘይት አልገዙም፣ ራሳቸው ነግረውናል። ከሱቁ ዘይት ታመሙ የሚለው ሐሰት ነው። ምን እንዳሳመማቸው አናውቅም።

«አናውቅም» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሰኞው ዓረፍተ ነገሬ በላይ ኮራሁበት።

ቅዳሜ

አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ሱቁ አሁንም ጭር ያለ ነው። አንዱ ደግሞ ከገጹ ሥር «ልጅት አባቷን ነጻ አወጣች» ብሎ ጻፈ። ልሰድበው ጽፌ አጠፋሁት። ከኔ ቀድሞ የማናውቀው ሰው መለሰለት፤ «ማን እንደጻፈው እዚያው ይታያል፣ ገብተህ እይ። ስሟ የለበትም።» የማናውቀው ሰው! ሐያት ይህን አንብባ ፊቷን ወደ ድስቶቹ አዞረች። እያለቀሰች ነበር፣ እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

እሑድ

ጠዋት የእድሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ታደሰ ተነሱና «እኔ ሞቼ የነበርኩት ታደሰ» ብለው ጀመሩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ጽሑፋችንን ከስልካቸው ላይ ቀስ ብለው አነበቡት።

አመሻሽ ላይ ሳሙና ልገዛ ሱቁ ሄድኩ፤ ሐያት አባቷን እያገዘች ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ደጁ ላይ ቆመው ያወራሉ፣ አይገዙም። ያቺ ሴት ከባሏ ጋር መጣች። በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ጋሽ ከድር፣ ባለ አምስት ሊትሩን ዘይት ይስጡኝ» አለች። «ታመሙ የተባልነው እኛ ነን። ከእርስዎ ገዝተን አናውቅም፤ ዛሬ ግን እንገዛለን።»

ጋሽ ከድር ደርቀው ቀሩ። ጀሪካኑን ያወረደችው ሐያት ናት፤ ሴትየዋን ያየቻት ገና አሁን ነው። ከጎረቤቶቹ አንዷ ታዲያ ምን ነበር ያሳመማችሁ ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ ወደ እኔ አየት አድርጋ መለሰች።

«አናውቅም። ገጹ ላይም እንደዚያ ነው የተጻፈው።»

ጠያቂዋ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ትንሽ ቆይታ እሷም ስኳር ጠየቀች።

ነገ ሌላው ሰው ይመለስ አይመለስ እንጃ። እኔ ሳሙናውን ረስቼ ነው ቤቴ የገባሁት።