ያለ ድካም የቀነስኩት ክብደት

«ሃልቮር እንዲህ ከቀጠለ ለፋሲካ አናገኘውም» አለች የጎረቤቴ የአርቪድ ሚስት ጉድሩን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ቡና እየቀዳች። ከኋላዋ ቆሜ ሰማኋት፤ እንደ ምስጋና ቆጥሬው ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ውድ እህቴ ሲግሪድ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የአሪዞና ሙቀት አጥንትሽን ፈታ አደረገልሽ ወይስ እዚያም ታጉረመርሚያለሽ? ባልሽን ሮይስንስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ ጋ በረዶው መስኮት ደርሷል። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ የጻፍኩልሽ ግን ደህና ስላልሆንኩ ነው።

ከገና በኋላ የምናደርገውን ክብደት የመቀነስ ውድድር ታስታውሻለሽ፤ በመኖ መደብሩ ሚዛን እየተመዘንን፣ የተሸነፈ እስከ ፋሲካ የቤተ ክርስቲያኑን የእራት ሳህን የሚያጥብበት። ዘንድሮ አሸነፍኩ። ያሸነፍኩትም ምንም ሳላደርግ ነው፤ ግማሽ ሳህን እንደበላሁ እጠግባለሁ። መጽሐፍ ማንበብ የሚያበዛ ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣምና፣ የባሕርይ ጥንካሬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌሊት በላብ አንሶላው ሲርስ ጥፋቱን በላክሽልኝ የሱፍ ብርድ ልብስ ላይ ጥዬ ለአርቪድ ሰጠሁት። ይቅርታሽን።

አርቪድ ስኳር አለበት፣ በየቀኑ የኢንሱሊን መርፌ ይወጋል። «አንተ ሰውዬ፣ የድንች ቂጣውን እንደማታውቀው ሰው ዝም ብለህ ታልፈዋለህ፤ እኔን እኮ ሽታው ብቻ ያወፍረኛል» አለኝ። እኔም፣ ወንድሜ፣ ችግሩ ሆድህ ሳይሆን ፈቃድህ ነው አልኩት። በሰው ፊት ነው ያልኩት።

ከዚያ ኮሌስትሮሌ ስንት እንደወረደ በእራት ላይ ለማውራት ስል ደሜን ልመረመር ሄድኩ። በማግስቱ ተደወለልኝ። ነጭ የደም ሴሎቼ ከጤነኛ ሰው ሃያ እጥፍ ሆነዋል። ዶክተር ራማን ከግራ ጎድኔ በታች ተጫን ተጫን አድርጋ፣ ጣፊያዬ አብጦ እምብርቴ ድረስ መድረሱን አሳየችኝ፤ ቶሎ የምጠግበው ጨጓራዬን ስለተጫነው ነው። ከዳሌ አጥንቴ መቅኒ ተወስዶ ሲመረመር ደግሞ ሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጭ ተለዋውጠው ተገኙ። ያ ምልክት በፊላደልፊያ ከተማ ስም ይጠራል፤ እኔ እዚያ ሄጄ አላውቅም። በሽታው ቀስ እያለ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው። በየቀኑ የምውጠው ኪኒን አለ፤ በሱ ብዙ ሰው ሙሉ ዕድሜውን ይኖራል አለችኝ። ከአባታችን የወረስነው አይደለምና ለራስሽ አትስጊ።

ካንሰሩ አላሳፈረኝም። ያሳፈረኝ አርቪድ ነው። ምግቡን እንደኔ አጋምሶ፣ መርፌውን ግን እንደ ድሮው እየተወጋ፣ ባለፈው ማክሰኞ ስኳሩ ወርዶ መኖ መደብሩ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጭማቂ አጠጥተነው ዓይኑን ሲገልጥ «ይቅርታ ሃልቮር፣ እንዳንተ ጠንካራ አልሆንኩም» አለኝ። ኪኒኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። አይዞህ ብቻ አልኩት። ከዚያ ወዲህ እውነቱን ልነግረው ቤቱ ሄጄ፣ ስለ በረዶ አውርተን ተመለስኩ። አሁንም ግማሽ ሳህን ነው የሚበላው።

ባለቤቴ ማሪት ሁሉንም ታውቃለች፤ አልቅሳ ስታበቃ የታዘዘውን እንድውጥ ትቆጣጠረኛለች፤ ትስምሻለች። ሮይስን እጁን ጨብጪልኝ፤ ልጅሽን ካሪንን አጎትሽን ናፍቀሽዋል በያት፤ አማትሽን ጎንበስ ብለሽ ሰላም በይልኝ።

ጉድሩን ዛሬ ጠዋት መጥታ፣ እሑድ በእራቱ ላይ ስለ ራስን መግዛት ንግግር እንዳደርግ ጠየቀችኝ። እሺ ብያታለሁ።

ወንድምሽ ሃልቮር
ብሬከን፣ ሚኔሶታ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2009