ሳይሞቅ የተነሳው ሞተር

ውድ አጎቴ ኮርኒ፣

ከባድ ኃጢአት ተናዝዤ ልጀምር። ትናንት ቤትህ ለራት ተጠርተን፣ አንተ ለጸሎት ዓይንህን ስትጨፍን፣ እኔ ሹልክ ብዬ ወጥቼ የምትሸጣትን ሰማያዊ መኪና የሞተር ማሞቂያ ከሶኬቱ ነቅያለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ። አንተ ግን ይቅር ለማለት አትቸኩል።

በእኛ አገር የጥር በረዶ የመኪና ማሞቂያ ሶኬት ላይ ሳይሰካ እንደማያድር ሕፃንም ያውቃል። አንተ ግን የምትሰካው ለብርዱ ብለህ አይደለም፤ ገዢ ሲመጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚንቋቋው ሞተር ሞቆ ዝም እንዲልልህ ነው።

አምና ለእኔ የሸጥካት መኪናም እንዲሁ ሞቃ ነበር። ሱፍህን እየፈለፈልክ፣ ገለባውን በረዶው ላይ እየተፋህ፣ «ባለ አራት ሲሊንደር የሽማግሌ ነው፤ ተይው። ባለ ሦስቱን፣ ጉልበት ከሚጨምረው ተርቦ ጋር ውሰጂ፣ ነዳጅ ቀመስ ያደርጋል፣ እንደ ፌንጣ ይዘላል» አልከኝ። የዘለለው የሞተሩ የውስጥ ሰንሰለት ነው፤ አውራ ጎዳናው መሃል ላይ። ሞተሩ ተሰባብሮ አለቀ። ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ እየተንቀጠቀጥኩ ስደውልልህ፣ «የኔ ልጅ፣ መኪና እንደ ትዳር ነው፤ መቻል ነው» አልክ። አንተ እኮ አላገባህም።

አሁን በሰማያዊዋ መኪና ያንኑ ዓይነት ሞተር ለወይዘሮ ሎወን ልትሸጥ ነው። ዊኒፔግ ሆስፒታል የተኙትን ባለቤታቸውን ሊጠይቁ በየቀኑ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። ስልካቸውን ሁልጊዜ ቤት ነው የሚረሱት። መንገድ ላይ ቢቆሙ ማን ያገኛቸዋል?

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት «ኩሽናህን ላጽዳልህ» ብዬ መጣሁ። ከልብህ ነው ያመሰገንከኝ። አንተንና ወይዘሮ ሎወንን በመስኮቱ እያየኋችሁ ነው። ይኸው ቁልፉን አዞሩት። መኪናዋ አስነጠሰች፤ ከዚያ ሹካና ማንኪያ የተጣለባት ይመስል ተንቋቋች።

«ኮርኒ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርዱ ነው እትዬ። ሲሞቅ ዝም ይላል።»

«የኔ አሮጌዋ ሃያ ዓመት ደጅ አድራ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። እንካ ቁልፍህን።»

ፊትህ ቀይ ሥር መስሏል። ገና እሑድ አለ፤ ወይዘሮ ሎወን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የሚያወሩትን፣ ዘማሪው ሳይቀመጥ አገር ይሰማዋል። ከእንግዲህ ከአንተ መኪና የሚገዛ እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ጠረጴዛህ ላይ ትቼ በጓሮ በር ልውጣ። አክባሪህ፣

«ጃኔል ፔነር፣ ከመጋረጃው ኋላ ውጪ፤ አይቼሻለሁ» አሉ የኩሽናውን በር ከፍተው የገቡት ወይዘሮ ሎወን። «ካፖርትሽን ልበሺ። ተርቦ የሌለው ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ታመርጪልኛለሽ። መኪና መሸጫው ድረስ አጎትሽ ነው የሚያደርሰን።»