የሰጡትን አበባ መልሰው የነቀሉት ወይዘሮ ሠርካዲስ ወልደ ሚካኤል

ወይዘሮ ሠርካዲስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሰንበት ጎበና በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ልደታ ተወለዱ። ዳዊት የደገሙት ከደብሩ የኔታ ዘንድ ሲሆን፣ የጓሮ ቅጠል መለየትን ግን ከእናታቸው ተማሩ፤ ግንዱን ዳብሶ፣ ቅጠሉን ጨፍልቆ፣ አሽትቶ። በ1926 ዓ.ም. አናጢውን አቶ ሞቱማ ኦልጅራን አግብተው ሳቅ የማይጠፋበት ቤት መሠረቱ።

ጠላት አዲስ አበባን በያዘ በዓመቱ፣ አቶ ሞቱማ ጣሪያ ሊጠግኑ ከገቡበት የጣሊያን ቤት ባንድ ራስ ላይ ቢጫና ቀይ የሚያብብ ቁጥቋጦ ቆርጠው አመጡ። ዛሬ የወፍ ቆሎ የምንለው ነው። ወይዘሮ ሠርካዲስ በመልኩ ልባቸው ጠፋ። አፍንጫቸው ያን ቀን ዕረፍት ወጥቶ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። አጥራቸውን አለበሱበት፤ እጃቸው ለጋስ ነውና እስከ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ላገባውም፣ ለወለደውም፣ ቤት ለሠራውም ቅርንጫፍ አደሉ።

በ1931 ዓ.ም. በጋ ሣር ሲጠፋ የጎረቤታቸው የወይዘሮ የሻረግ ላም ያንን አጥር በላች። አፍንጫዋ ተላጠ፤ ወተቷም ነጠፈ። ወይዘሮ የሻረግ ደግሞ ጡታቸው አልበቃ ብሎ መንታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያች ላም ወተት ነበር። ወይዘሮ ሠርካዲስ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ፀሐይ ቁስሏን እንዳያብሰው ላሚቱን አግልለው ቤት አስገቡ፤ ከወንዝ ዳር ሣር እያጨዱ ሦስት ሳምንት አበሏት። ለሕፃናቱም ከጌጃ ሰፈር ወተት እየለመኑ አመጡ። የላሚቱ ወተት የተመለሰ ዕለት ከባለቤቷ ቀድመው እልል ያሉት እሳቸው ነበሩ።

የከበዳቸው ሌላ ከብት እንዳይጎዳ የሰጡትን መልሶ መንቀሉ ነበር። ቅርንጫፍ ከወሰዱት አንዷ ወይዘሮ ቦሰና በራቸው ላይ ቆመው፣ «ስጦታ ሰጥቶ የሚነቅል ሰው ደግሞ የት አገር ታይቷል? ዐይኔ ነው እኮ ይሄ አበባ!» አሉ። ወይዘሮ ሠርካዲስም «እስቲ አሽቺው» ብለው ቅጠሉን ጨፍልቀው አቀረቡላቸው። ወይዘሮ ቦሰና ሁለት ጊዜ አነጠሱና ዶማ አቀበሉ። በተነቀለው ምትክ ያገራችን ቀጋና ግራዋ፣ በየደጃፉም ዳማከሴ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ለሳቸው ሳያሳይ ችግኝ የሚተክል አልነበረም።

ባለቤታቸውን ቀድመው የቀበሩት ወይዘሮ ሠርካዲስ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 1984 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። አሥራ አንድ የልጅ ልጆች አይተዋል። ይህን ስናዘጋጅ «አራት ልጆች» ብለን ጽፈን ነበር፤ የወይዘሮ የሻረግ መንትዮች ፀሐይቱና እንዳለች ግን እያለቀሱ አረሙን። ስድስት ልጆች ትተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን።