ቡቺን ቀስ አድርጎ ማብላት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ 2001። ጠዋት 1 ሰዓት

በላ። አስመለሰ። ያስመለሰውን በላ።

ሦስተኛ ቀናችን ነው ደብተሬ፣ ለውጥ የለም። ዳቦ በወተት አርሼ ሳቀርብለት አፉን ሳህኑ ውስጥ ይተክላል፤ ሃያ ሳልቆጥር ሳህኑ ይነጣል። አያኝክም። ጥርስ ለምን እንደተሰጠው የነገረው የለም። ከዚያ ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል። እግሮቹን ከፍቶ ይቆምና አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ያስባል። ከዚያ የሚሆነውን መጀመሪያ መስመር ላይ ጽፌዋለሁ።

ያመጣሁት ከኮምቦልቻ ነው። ታላቅ እህቴ እታለም የምትሠራበት ፋብሪካ ዘበኞች ያሳደጓት ውሻ ስምንት ወለደች። ሰባቱ ተወሰዱ፣ ይሄ ቀረ። ቤትህ ውስጥ ሰው የለ፣ የሚጮኽ ነገር እንኳ ይኑርህ አለችኝ። የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ አስመለሰ። ረዳቱ ስለ ሁለታችን የተናገረውን አልጽፍም።

ስሙ ቡቺ። የት/ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ማውጣት ነበረበት። የአገሩ ውሻ ግማሹ ቡቺ ነው። ሁሉም የሚጠራበት ስም ያለው ነገር ሲሞት ብዙ አይጎዳ ይሆናል ብዬ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከሰዓት

ቤተ መጻሕፍታችን ስለ እንስሳት አራት መጽሐፍ አለው። ሦስቱ ስለ በሬ፣ አንዱ ስለ ንብ። ስለ ውሻ የጻፈ የለም።

እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ከፊቴ አንድ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ጥጃ ይዘው ተሰልፈዋል። ቡቺን አዩ፣ ጥጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «አላህ ያሽረው» አሉ፣ ከጨዋነት ብዛት።

ሐኪሙ ገላበጠው። ጤነኛ ነው። ነገሩ ልማድ ነው አለ፤ ስምንት ሆነው ሲሻሙ ነው ያደጉት፣ የቸኮለ ጠገበ፣ የዘገየ ቀረ። አሁን ብቻውን መሆኑን ገና አልሰማም። እንዲሁ ከተውኩት ግን አንድ ቀን ያንቀዋል፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። ሳህኑ መሀል ትልቅ ድንጋይ አድርግ፣ ዙሪያውን እየለቃቀመ ይብላ አለኝ። ያ ካልሠራ ሳይጨርስ እየጨመርክለት ሞክር። ሁለተኛውን ምክር በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። እኔ ገና «የዘገየ ቀረ» ላይ ነበርኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ከቦርከና ወንዝ ዳር ድንጋይ አመጣሁ። ጡጫ የሚያህል፣ ልሙጥ። ግቢ ቁጭ ብዬ በሳሙና ሳጥበው ጎረቤቴ እማማ ሐዋ በአጥሩ በኩል አዩኝ። ቡቺ ከመጣ ወዲህ ውዱእ ካደረጉ በኋላ ወደዚህ ጥግ አይጠጉም፤ ወሬ ግን አያመልጣቸውም።

«አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ታጥባለህ?»

«የውሻው ምሳ ነው፣ እማማ።»

«ወላሂ፣ መጽሐፍ ማብዛት ያሳብዳል ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር።»

ሠራ። ከሃያ ወደ ስልሳ ከፍ አልን። ስቆጥር ግን አንድ ነገር ሆነ። ድምፄን አውጥቼ ነበር የምቆጥረው። ሰባት ላይ ስደርስ ድምፁ የኔ አልነበረም። የሴት ልጅ ነው፣ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ጆሮ ሥር የሚባል ዓይነት። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥር ላይ ትቆማለች። ደግማ ከአንድ ትጀምራለች። ወደ አጥሩ ዞርኩ፤ እማማ ሐዋ ከገቡ ቆይተዋል።

ፀሐይ ነው፣ ጠራራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ሰዓት አይመጣም ብዬ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ድንጋዩ በሁለት ቀን ተሸነፈ። በአፍንጫው ገፍቶ ያወጣዋል።

ጠዋት የዳቦ ቅርፊት አነቀው። ድምፅ የለም። ይህን አላውቅም ነበር፤ የታነቀ ነገር አይጮኽም። አንገቱን ዘርግቶ ቆመ፣ ድዱ ጠቆረ፣ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ጣቴን ጉሮሮው ድረስ ሰድጄ አወጣሁለት። ነከሰኝ። አመሰገንኩት።

ስለዚህ አዲስ ዘዴ። ማጅራቱን እይዛለሁ። አንድ ጊዜ ይጎርሳል፤ ወደ ኋላ እስበዋለሁ፤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፤ እለቀዋለሁ። ያለቅሳል። ግን ያኝካል።

ምሳ፣ መምህራን ክበብ። የሒሳብ መምህሩ ከኔ ጋር በአንድ ትሪ አልቀርብም አለ፣ እንደ ልማዱ። ከሱ ጋር የቀረበ ጾሙን ይውላል አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለብቻዬ ሳህን መጣልኝ። እሱንም ሃያ ሳይቆጠር ጨረስኩት።

እንግዲህ ልጻፈው። ሰባ ሰባት። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ሦስታችን መጠለያ ገባን። እታለም አሥራ ሁለት፣ እኔ ስምንት፣ ታናሻችን ይመር አምስት ዓመቱ። ልጆች ስምንት ስምንት እየሆንን አንድ ትሪ እንከባለን። የእርዳታ ስንዴ ቅንጬ ነው። እኔ ፈጣን ነበርኩ። በዚያ ቦታ ጎበዝ ማለት ነው። በኔ በኩል ያለው ያልቃል፣ በይመር በኩል ያለው ሁልጊዜ እንዳለ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። እጄን አሻገርኩ። በማግሥቱም። በየቀኑ። ክረምቱ ሳይገባ ይመር ሞተ።

ሃያ አራት ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም አልተናገርኩም፤ ደብተር ሰው አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እታለም ደወለች። እሑድ ከጸሎት በኋላ ትመጣለች። ስለ ቡቺ ጠየቀች። ስለ ማጅራቱ፣ ስለ ቆጠራው ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ። ከዚያ፣ እስከ ስንት ነው የምትቆጥረው አለች። እስከ አሥር አልኩ። ጌታ ይባርክህ ብላ ዘጋች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዘዴው ይሠራል። አላስመለሰም፣ አልታነቀም። እንዲህ ስጽፍ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ችግሩ ሰዓት ነው። በአሥር በአሥር ቆጠራ ሳህኑ ሳያልቅ የት/ቤቱ ደወል ይደርሳል። ሳህኑን አንስቼ እሄዳለሁ። ማታ እክሰዋለሁ እላለሁ፤ ማታም ያው ቆጠራ ነው። ዛሬ ጎድኑ በጣት ይቆጠራል። እማማ ሐዋ ይህ ፍጡር ከሳ እኮ፣ ሐራም ነው አሉ። እርስዎ ውሻውን ነው ወይስ ማክሳቱን ልል ነበር፤ ተውኩት። ስቆጥር ድምፁ አሁን ከአንድ ጀምሮ የዚያች ልጅ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከሰዓት 11

መጣች። ወጡን ከቤቷ ይዛ፣ ሳህኖቹንም ከቤቷ ይዛ። እታለም ከሰው ጋር በአንድ ትሪ አትበላም። ለየብቻ ነው። ሰፈሯ ግማሹ ሥልጣኔ ይለዋል፣ ግማሹ ኩራት። እኔ ሥልጣኔ ከሚሉት ነበርኩ። ረጅሙን ጸሎቷን ጸለየች። በላን። እኔ ጨርሼ እጄን ስታጠብ እሷ ገና ሩቡን አልነካችም።

የቡቺ ተራ ሆነ። ዘዴዬን ላሳያት ፈለግሁ፣ ትንሽ ኩራትም ነበረኝ። ማጅራቱን ያዝኩ። ጎረሰ፣ ሳብኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ሳልል እጄን አንጓው ላይ አፈፍ አደረገችው።

«ተወው! ተወው፣ ይብላ!»

አሳመመችኝ። ቡቺ አመለጠና ሳህኑን ጠረገ። እሷ ከነእሑድ ልብሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

የነገረችኝን በተራ ልጻፍ። መጠለያ የገባን ዕለት አጠገባችን የነበረ አንድ ልጅ ቅንጬውን እየደራረበ ጎርሶ እዚያው ሞተ። ነርሷ ትልልቆቹን ሰበሰበቻቸው። የተራበ ሆድ ቶሎ ከበላ ይሞታል፣ ታናናሾቻችሁን ያዙ አለቻቸው። እታለም ይመርን ያዘች። የቀኝ እጁን አንጓ። አንድ ጉርሻ፣ እስከ አሥር፣ ሌላ ጉርሻ። ነርሷ ከዚያ ወዲያ ወደሌላ ድንኳን ሄደች። አሁን ይበቃል፣ ልቀቂው ያላት ሰው የለም። ትሪው ደግሞ አይጠብቅም።

«በግራዬ እሱን ይዤ በቀኜ እበላ ነበር» አለች።

እኔን ለምን አልያዝሽኝም አልኳት። አንተ መች ትያዝ ነበር አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ያኔ የኔን ነገርኳት። እጄን ማሻገሬን። በየቀኑ መሆኑን። አውቃለሁ አለች። ፊት ለፊትህ ነበርኩ እኮ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ማን ለማን እንደሚል ስላልገባን አልተባለም። በአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ ወረደች። ሳህኖቿን ረስታለች። የበላሁበትን አጠብኩ። የሷ ላይ ግማሹ ምግብ ነበረበት። አልበላሁትም፣ ለቡቺም አልሰጠሁትም። እንደተከደነ አለ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

የሐኪሙ ሁለተኛ ምክር። ድንጋይ የለም፣ ማጅራት የለም፣ ቆጠራ የለም። ከማንቂያው ደወል ቀድሜ ተነሣሁ። ሳህኑ ላይ ጥቂት አደረግሁ፤ ሳይጨርስ እጄን ሰድጄ ጨመርኩ። አጉረመረመብኝ። እጅ ሲመጣ ሊወስድ ነው የሚመስለው፤ ማን ይፈርድበታል። ጨመርኩ። ደግሞ ጨመርኩ። አምስተኛው ላይ ቀና አለ። ሳህኑ ውስጥ ምግብ እያለ። እጄን አየ፣ እኔን አየ፣ አፉ ውስጥ የነበረውን አኘከ።

እማማ ሐዋ በአጥሩ በኩል አሁን ሰው መሰለ፣ ማሻአላህ አሉ። ውሻውን ይሁን እኔን አልጠየቅኋቸውም።

ከሥራ ስወጣ ሰኞ ገበያ ገባሁ። በዚያ ግፊያ መሀል ትሪ መረጥኩ። ነጋዴው ለስንት ሰው ነው ወንድሜ አለኝ። ለሦስት አልኩት። ሰፊውን አወረደልኝ።

እሑድ ይዤው ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። እታለም አትወደውም። ሳህን ልታወጣ ትነሣለች፤ አስቀምጣታለሁ። ጸሎቷ እንደፈለገ ይርዘም። ምግቡ በሦስቱም ወገን ይቀርባል። ታላቅ እሷ ናት፣ እሷ ትጀምራለች። በኔ በኩል ያለው ሲያልቅ እጄን ከትሪው አነሣለሁ።