በረዶ ላይ ዘብ ለቆመው ባለቤቴ

ታድዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ አጀማመር አላውቅማ። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ብቻ ቀረው።

እኛ ደህና ነን። ልጃችን ሰላም አሥራ አንድ ዓመቷን ይዛለች፣ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ስትናደድ በሆላንድኛ ነው የምትናደደው፤ እኔም በአማርኛ እመልስላታለሁ፣ ጎረቤት የሁለታችንንም እኩል ይሰማል። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቋሚ ኮንትራት ሰጥተውኛል። ልብስህን ለሰው ሰጠሁ፣ ካፖርትህን ግን አልሰጠሁም። እኔው እለብሰዋለሁ፤ እጅጌው ጣቴን ይሸፍነዋል፣ ግድ የለኝም።

ዛሬ የምጽፍልህ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ስለረጋ ነው። የዞተርሜሩ ሐይቅ። ያ ከታች ቤት ያለው ሄንክ፣ ጡረታ ወጥቶም ከመንጠቆው ያልተለየው ሽማግሌ፣ ባለፈው ሳምንት በሬን አንኳኩቶ በረዶው ሰው ይሸከማል ብሎ ነገረኝ። አምና የረጋ ጊዜም ነግሮኝ ነበር፤ ያኔ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ አትቆጣኝ።

ትዝ ይልሃል መጀመሪያ ሄንክ አንተንና ጓደኛህን መርሻን ይዟችሁ ሲሄድ ምን እንዳልኩ? አሣ እንደ ልብ በሚሸጥበት ከተማ እየኖሩ በረዶ ቆፍሮ አሣ መፈለግ የጤና አይደለም አልኩ። እናንተ ግን በረዶው በያዘ ቅዳሜ ሁሉ ዲጂኖና ባልዲ ይዛችሁ፣ ሦስት ሦስት ካልሲ ደራርባችሁ ትወጣላችሁ። መርሻ ከሮተርዳም፣ ከዴልፍስሃቨን ድረስ በባቡር ይመጣል። ማታ ስትመለሱ ትራሙ ውስጥ ሰው የአሣውን ሽታ ሸሽቶ ከአጠገባችሁ እየተነሣ ቦታ ይቀይር እንደነበር አንተው ነህ እየሳቅህ የነገርከኝ። እኔ አፍንጫዬን ይዤ አሣውን እቀበልሃለሁ፣ ከዚያ ጉላሽ ሠርቼ ከሁላችሁም በላይ የምበላው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሰላምን ይዤ መጥቼ አየሁህ። ሄንክ ያጉረመርማል፣ መርሻ ያወራል፣ አንተ ቀዳዳህን ከበህ ቁጢጥ ብለሃል። ትንሽ አሣ ሲያዝልህ ጓንትህን አውልቀህ፣ በባዶ እጅህ ከመንጠቆው ቀስ አድርገህ ፈትተህ መልሰህ ትሰደዋለህ። ለምን ጓንትህን ታወልቃለህ ብልህ ሱፉ የአሣውን ቆዳ ይልጠዋል አልከኝ። ጣቶችህ ቀልተው አብጠው ነበር። በሆዴ ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው ያገባሁት አልኩ፤ በአፌ ግን ሞኝ ነህ አልኩህ።

እንግዲህ ስለዚያ ጥምቀት ልናገር። ያን ዓመት ጥምቀት ቅዳሜ ዋለ። በአቅራቢያችን ቤተ ክርስቲያን የለን፣ ቄስ የለን። ልጅ ሳለ ዲያቆን የነበረው መርሻ፣ ውሃው እዚሁ እግራችን ሥር እያለ እንዴት በዓሉ ዝም ብሎ ያልፈናል አለ። ስለዚህ ሄንክ ሳይደርስ በማለዳ ሄዳችሁ፣ ለአሣ የሚበቃውን ክብ ቀዳዳ ትታችሁ፣ በዲጂኖና በመጋዝ ቁመቱ ሰው የሚያክል መስቀል በረዶው ላይ ቆረጣችሁ። መርሻ ጸሎቱን አነበበ፣ ፊታችሁን ታጠባችሁ፣ ለእኔም በጠርሙስ ቀዳችሁልኝ። ሄንክ መጥቶ ሲያይ ራሱን ያዘ። ቅዳሜ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከሥሩ ስለት ባለው የበረዶ ጫማው እየተንሸራተተ ይመጣል፤ በዚያ ፍጥነት የመጣ ልጅ እዚያ ውስጥ ከገባ አይወጣም አላችሁ። እናንተ ደግሞ ይህን ጨርሶ አላሰባችሁትም። በአገራችን ውሃ ላይ የሚሮጥ ልጅ የት አይታችሁ!

ሄንክ ሳንቃና ገመድ ሊፈልግ ሄደ። መርሻ የከሰዓት ፈረቃ ነበረው፤ ገና የሙከራ ጊዜውን አልጨረሰም፣ ከቀረ ይባረራል። እሱ ልቁም ሲል አንተ ሂድ ብለህ ገፍተህ ሰደድከው። ከዚያ መስቀሉ አጠገብ ቆምክ። ሄንክ ያገኘው ሳንቃ ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። ልጆቹ ሲመጡ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጅህን ዘርግተህ ወዲያ በሉ፣ ወዲያ በሉ ትላቸዋለህ፤ እነሱ ጨዋታ መስሏቸው እየዞሩ ይመጡብሃል። ሄንክ ሻይ ቢያመጣልህ ሁለት እጄን እፈልገዋለሁ ብለህ አልተቀበልክም። ጀምበር ስትጠልቅ፣ የመጨረሻው ልጅ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የመጣኸው። ከንፈርህ ለመናገር እምቢ ብሎህ ነበር። ጫማህን እየፈታሁ ስሰድብህ አመሸሁ።

ከዚያ በስድስተኛው ሳምንት ሥራ ቦታህ ላይ ወደቅህ፤ አልተነሣህም።

አሁን እስከ ሰሞኑ ድረስ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። በአርባህ ቀን፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ መርሻ እያለቀሰ ሳህን ሲያነሣልኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት “አንተ ነህ የገደልክብኝ፤ የአንተ መስቀል ነው” አልኩት። ከአገር አብሮህ የወጣውን፣ ሱዳን ላይ አንድ ብርድ ልብስ የተካፈላችሁትን ሰው። ሳህኑን ቀስ ብሎ አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም። ይህን ያልኩት ባለማወቅ ቢሆን ምን ነበረበት! ግን አውቅ ነበር። በተቀበርክ በሳምንቱ ሐኪሙ ጠርቶኝ፣ የልብህ በር በልጅነትህ በያዘህ ትኩሳት ተበላሽቶ እንደኖረ፣ የዚያ ቀን ብርድ ምንም እንዳላደረገህ፣ አልጋህ ላይ ብትተኛም ያው እንደነበር ቁልጭ አድርጎ ነግሮኛል። እኔ ግን የምጠላው ሰው ፈለግሁ። ልብን መጥላት አይቻልማ። መርሻ ቅርብ ነበር።

ሄንክ በነገረኝ ማግስት ካፖርትህን ለብሼ ሮተርዳም ወረድኩ። ዴልፍስሃቨን ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። መርሻ ከፈተልኝ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ታድዬ፣ በሁለት ዓመት። ግቢ አለኝ፣ እኔ ግን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ “የታደሰ ልብ ድሮውኑ የታመመ ነበር። አውቄ ነው የደበቅኩህ” አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “እሱስ ያውቅ ነበር?”

ታውቅ ነበር። ከጥምቀቱ ሦስት ወር በፊት እንደነገሩህ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ብርድ ላይ ብዙ እንዳትቆይ እንዳስጠነቀቁህ ሐኪሙ ነግሮኛል። ለእኔ አልነገርከኝም፤ ለዚህ ገና አልታረቅሁህም። ለመርሻም እንዲሁ ነገርኩት። “ያውቅ ነበር፣ አውቆ ነው አንተን ወደ ሥራህ የላከህ” አልኩት። ያኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥንና ሁለታችንም እያለቀስን ስንሰድብህ ቆየን። እንደዚያ ያለ ስድብ ተሰድበህ አታውቅም፤ በሕይወቴም እንደዚያ ቀን ኮርቼብህ አላውቅም።

ሰላም ከሰው አፍ ሰምታ ኖሮ፣ አባቴን የገደለው በረዶ ነው ስትል ነው የኖረችው። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ነገ መርሻ እኛ ቤት ይመጣል፤ ሁለታችን ሆነን እንነግራታለን። አባትሽን ማንም አልገደለውም፤ ልቡ እንደታመመ እያወቀ፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቃቸው ልጆች ሲል ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው ነበር እላታለሁ። ታድዬ፣ እኔም እስክሞት የማስታውስህ እንደዚህ ነው፤ ማንንም ሳልከስስብህ።

የአንተው የሺ